የ«አራተኛው ተርባይን» የመጨረሻ ገጾች

አዳማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጋዲሴ፣

ደብዳቤሽን ኑሬ የሚኒባሱን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት ወርውሮልኝ ሄደ። ሾፌር መቼም ሰላምታ አያውቅም። ደህና ነሽ ወይ? የላንጋኖ ትንኝ እንዴት ይዞሻል? እኔን ካልሽ የከዳኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ምላሴ እንደምታውቂው ነው። ስልክ ለምን አያነሱም ብለሽ አትቀየሚኝ። በስልክ ሲሆን ሰው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል፣ «እ? እ?» ስል መዋል ደግሞ አልወድም። ወረቀት ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይጮህብኝም።

«አራተኛው ተርባይን»ን ፊልም ልሠራው ነው የሚለውን ሳነብ ተቀምጬ ነበር፣ ብድግ አልኩ። እሰይ የኔ ልጅ! መናኸሪያው አጠገብ በነበረችው የመጽሐፍ ማከራያ ሱቄ፣ ያቺ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለሽ ስንቴ እንዳነበብሽው እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴ ሻይ ደፍተሽበት አልቅሰሻል። ለተከራይ ሁሉ እንዲህ እል ነበር፦ «በ2080 ዓ.ም. የቆቃ ሐይቅ ደርቋል። ቦንቱ የምትባል ቴክኒሻን ከግድቡ ሥር ውሃ ሳይኖር የሚዞር አራተኛ ተርባይን ታገኛለች። ማሽኑ በዞረ ቁጥር ከተማው ይበራል፣ የቦንቱ ዕድሜ ግን ያልቃል።» በቃ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ነው። ሳይንሳዊ ልቦለድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ጋሪ ነጂ ሳይቀር ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቅ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ስለጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ የሰጠሁሽ መጽሐፍ ገጽ 176 ላይ እንደሚያቆም አውቃለሁ። የቀረው እዚሁ አንዱ ካርቶን ውስጥ ይኖራል። እፈልግልሻለሁ፣ ግን አቧራው ያስለኛልና ትንሽ ታገሺኝ። ደግሞስ ምን አስቸኮለሽ? መጨረሻውን የማያውቅ የአዳማ ሰው አለ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ቧንቧችን በአምስተኛው ቀን ቢመጣ፣ የጎረቤት ሴቶች «ቦንቱ፣ ውሃው መጣ!» እየተባባሉ ጀሪካን ይዘው ሲራወጡ ነበር። ግማሾቹ መጽሐፉን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ለመሆኑ ቦንቱን የምትሆነው ማን ናት? ቆንጆ ብቻ እንዳትሆን አደራ።

ዘርፉ

—

ላንጋኖ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

በቅድሚያ ሳልዎት በርታ ብሏል ሲል ኑሬ ነገረኝ፤ ካርቶኑን እንዲያገላብጡ ያደረግኩዎት እኔ ነኝና ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለት ነው።

ቦንቱን የምትሠራው ሶሲ የምትባል ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ ቆንጆም ናት፣ አዝናለሁ። ግን እንዴት ብዬ ልንገርዎት... ቦንቱ ቴክኒሻን መሆኗ ቀርቷል። የሎጅ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። ፊልሙን የሚያሠራው ጫምሳ እዚህ ሐይቁ ዳር ሎጅ አለው። «ግሪስ የተለቀለቀች ሴት ለማየት ማን ከቤቱ ይወጣል?» አለኝ። ተርባይኑም ሰማያዊ አምፖል የተጠመጠመበት፣ የሠርግ አዳራሽ ጌጥ የመሰለ ነገር ሆኗል። ትናንት አንዱ የመብራት ሠራተኛ ተደግፎት ሲጋራ ሲያጨስ ተሰበረ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ አልለቅም። መጨረሻውን። ያኔ መጽሐፉን ስመልስ «ቀሪው ተገንጥሏል፣ ነይ ተቀመጪ እኔ እነግርሻለሁ» ብለው የነገሩኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ቦንቱ ልትሞት ስትል ተርባይኑ ከምድር ሥር ውሃ መሳብ ይጀምራል፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ዓሣው ይዘላል፣ እናቷ ግድቡ ላይ ቆማ «ቦንቱ፣ ውሃው መጣ!» ብላ ትጠራታለች። አባቴ በሞተ ዓመት በሕይወት ያቆየኝ ያ ነው። ፊልም ሠሪ የሆንኩትም ያንን በዓይኔ ላየው ብዬ ነው።

ጫምሳ ደግሞ ሠርግ ነው የሚፈልገው። ስከራከረው «በመጽሐፉ ላይ በጽሑፍ አሳዪኝና እንዳለ እንቀርጸዋለን» አለኝ። ፈቃዱን የገዛው ከአሳታሚው ወራሾች ነው፤ እነሱ ጋ መጽሐፉ የለም። ደራሲው አቶ ገመዳ ዲበኩሉም የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም። ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎን።

ልጅዎ ጋዲሴ

—

አዳማ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋዲሴ፣

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ኑሬን «ታማለች በላት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ካርቶን ውስጥ ምንም የለም። ኖሮም አያውቅም። በ1979 ወደ አዳማ የመጡት የመጽሐፉ ሦስት ኮፒዎች ሲሆኑ ሦስቱንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ሦስቱም ከአንድ ጥቅል ናቸው፤ ማተሚያ ቤት ሲጠረዙ የመጨረሻዎቹ ገጾች ሳይገቡባቸው ቀርተዋል። እኔ ምን አውቄ! አከራየሁት። የመጀመሪያው ሰውዬ በማግስቱ መጥቶ «ሴትዮ፣ መጨረሻው የታለ? ታሾፊብኛለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ደንግጬ «ተገንጥሎ ነው፣ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ልንገርህ» አልኩት። አላነበብኩትም፣ ጋዲሴ። እዚያው ቆሜ ከአፌ የመጣልኝን ነገርኩት። ያን ሰሞን ውሃ ከጠፋ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ወገቤ ጀሪካን በመሸከም ተቆርጧል። ታዲያ ውሃ ካልሆነ ሌላ ምን ይመጣልኝ ነበር?

ሰውዬው አለቀሰ። ከሱ በኋላ የመጣውም ንገሪኝ አለ። እየነገርኩት እያሳመርኩት ሄድኩ፤ ዓሣውን የጨመርኩት በኋላ ነው፣ እናቷን ደግሞ አንቺ በነበርሽበት ጊዜ አካባቢ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሳይቀር መጨረሻውን ሊሰማ ይመጣ ጀመር። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽሽ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት ነኝ።

ሌላም ልንገርሽ። ገመዳ ዲበኩሉ በሕይወት አሉ። ቆቃ ናቸው፣ ከኃይል ማመንጫው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከኔ ቤት አንድ ሰዓት አይሞላም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩት ለምን ይመስልሻል?

እርገሚኝ ካሰኘሽ፤ ግን መልሽልኝ።

ዘርፉ

—

ላንጋኖ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

አልረገምኩዎትም። ሁለት ቀን ግን ማንንም ማናገር አልቻልኩም። ሶሲ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ «የሞተብኝ ሰው አለ» አልኳት። እውነትም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

ተናድጃለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት በቃለ መጠይቁም በምኑም «የገመዳ ዲበኩሉ መጨረሻ» እያልኩ ሳወራ ሰምተውኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም።

አሁን ግን ለንዴት ጊዜ የለኝም። የመጨረሻውን ክፍል የምንቀርጸው በጥር ነው። እርስዎ አበላሽተውታል፣ ጫምሳ ደግሞ ሊጨርሰው ነው፤ ደራሲው ሳይሞቱ የጻፉት ነገር አንዴ እንኳ በሰው ዓይን ይታይ። ይሂዱና ከአፋቸው ጽፈው ይላኩልኝ። እውነቱንም ይንገሯቸው። ይሄን ደግሞ በካርቶን አያሳብቡልኝ።

ጋዲሴ

—

አዳማ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጋዲሴ፣

የጻፍሽው ሁሉ ይገባኛል፣ እሱን ልተወው። ሄጃለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ልባቸው ደክሟል፣ ከአልጋ እስከ በር ሲደርሱ ያርፋሉ። «አካም ጂርቱ» ብዬ ገባሁ፤ በኦሮምኛ መለሱልኝና ቆይተው «ለመሆኑ ማን ልበል?» አሉኝ። «አዳማ መጽሐፍዎን አከራይ ነበር» ስላቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። «አዳማ ደርሶ ነበር እንዴ?» አሉ። አስቢው ጋዲሴ፣ አያውቁም! መጽሐፉ መጋዘን ውስጥ ቀርቶ የምስጥ ቀለብ የሆነ ነው የሚመስላቸው። የራሳቸውንም ኮፒ የበላው ምስጥ ነው። ሌላ ለምን አልጻፉም ብላቸው «አንድ ሰው እንኳ መልስ ሳይሰጥህ እንዴት ታወራለህ?» አሉኝ።

ስንት ሰው እንዳነበበው ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። የምን ሕመም! ሻይ ይቀዳልኝ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መጨረሻውን ወደዱት?» አሉኝ።

«በጣም» አልኩ።

«ለምን አጠፋችው ብለው ይጠይቁዎት ነበር?»

ምን እንደጠፋ አላውቅም፣ ማን እንዳጠፋው አላውቅም። «ሁሌም ይጠይቁኝ ነበር» አልኳቸው። እንደዚያ ሲያዩኝ ሌላ ምን ልበል? ገጾቹን አይጥ በላቸው፣ ለፊልሙ እንደገና ይንገሩኝ አልኩ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ግን ፊልሙን አይተው ደስ ካላቸው በኋላ ይሁን። እስከዚያ ተስፋ አትቁረጪብኝ።

ሳይደናቀፉ በቃላቸው ነው የነገሩኝ። እንዳሉት ይኸውና፦

«ቦንቱ እጇን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነበር፤ እጇ ግን የሰባ ዓመት ሴት እጅ ሆኖ ነበር። ከላይ ከተማው ይበራል። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን የጠየቃት አልነበረም። አጠፋችው። ስትወጣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ አንድ አምፖል አይታይም ነበር። በደረቀው ሐይቅ ላይ በእግሯ ሄደች። ቤት ስትደርስ እናቷ ‹መብራቱ ምን ሆነ?› አለቻት። ‹ደክሞት ነው› አለች ቦንቱ፣ አጠገቧም ተቀመጠች። እናቷ በጨለማው የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ ከራሷ እጅ ለይታ ማወቅ አልቻለችም።»

በቃ፣ ይሄው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ አንብቤው ቢሆን ኖሮም ለደንበኛ የምነግር አይመስለኝም።

ዘርፉ

—

ላንጋኖ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

መልስ ያዘገየሁት አፍሬ ነው። መጀመሪያ ሳነበው አልወደድኩትም። ይሄው ነው እንዴ አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅኩት ውሃ የለበትም። እንዲያውም የእርስዎን ልቅረጽና ማን ያውቃል ብዬ አስቤ ነበር። ይሄን ለአቶ ገመዳ አይንገሩብኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከቀረጻ በኋላ ሶሲ ሜካፗን ስታስለቅቅ እጇን አየሁት። ያቺ የእናትየዋ ነገር መጣችብኝ፣ መሄጃ አሳጣችኝ። ሐሙስ ጠዋት ጫምሳ አዲስ አበባ ሲሄድ ሶሲን፣ ካሜራ ማኑንና የሜካፕ ሠራተኛዋን ብቻ ይዤ አቢጃታ ሄድኩ። ሐይቁ የሸሸበት ነጭ መሬት ላይ አራመድኳት። እትዬ፣ ተርባይኑ እንደተሰበረ ነው፣ ግን ለካ አያስፈልግም ነበር። እጇን ብቻ ቀረጽኩት። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያን ጠዋት የመሰለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ወረቀቱንም ለጫምሳ አሳይቼዋለሁ። አንብቦ «እናያለን» አለ። በመጽሐፉ ካለ እንቀርጻለን ያለው ራሱ ነው፣ ቃሉን ይበላል ብዬ አላስብም።

ለአቶ ገመዳ ይንገሯቸው። የርሳቸው መጨረሻ ተቀርጿል። አዳማ ሲታይ ከፊት ወንበር ይዤላቸዋለሁ። እውነቱን ነገሯቸው ወይ ብዬ አሁንም እጠይቃለሁ።

ጋዲሴ

—

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

አጭር ነው። ቆርጠው አወጡት። ከኤዲቲንግ ክፍሉ ለሁለት ቀን ወጥቼ ስመለስ በቦታው ሠርግ ገብቷል፤ ቦንቱ አንድ ኢንጂነር ታገባለች፣ ከላይ ሎጁ በድሮን ይታያል። ጫምሳን ቃልህስ ብለው «በደብዳቤ የመጣ ወረቀት መጽሐፍ አይደለም፤ አዳማ ሄጄ ሰው ጠይቄ ነበር፣ መጨረሻው እንዲህ ነው ያለኝ አንድም የለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

የአቢጃታው ቀረጻ ያለበት ዲስክ ተደምስሶ ሌላ ማስታወቂያ ተቀርጾበታል።

ስሜን አውጡልኝ ብያለሁ። እሁድ ግንቦት 10 በስምንት ሰዓት አዳማ ይታያል፤ እኔ አልመጣም። አቶ ገመዳን አያምጧቸው። ታመምኩ ይበሏቸው፣ መኪና ጠፋ ይበሏቸው። እርስዎ መቼም ያውቁበታል። ይህን የምጽፈው ልጎዳዎት ብዬ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

ጋዲሴ

—

አዳማ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጋዲሴ፣

ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። በኑሬ አላሳብብም። ይዤያቸው መጣሁ።

ልነግራቸው ነበር እኮ የሄድኩት። ስደርስ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬ የጋሽ ገመዳ ፊልም ነው» እያለ ሊሸኛቸው ወጥቷል። የኔስ አፍ ለመዋሸት እንጂ ለእንዲህ ያለው መች ይፈታል? ደግፌ የኑሬ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋቸው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የድሮ ደንበኞቼ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። አንዱ ጋሪ ነጂ የነበረው፣ አሁን ባጃጅ አለው፣ «እትዬ ዘርፉ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ፊልሙን አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። አቶ ገመዳ አጠገቤ ናቸው። ያ የሠርግ ጌጥ ሲበራ «ይሄ ምንድነው?» አሉኝ፤ «ተርባይኑ ነው» ስላቸው «እህ» አሉ። «ቦንቱን ለምን ሻንጣ ያስሸክሟታል?» ሲሉኝ አልሰማሁም አልኩ። «ግድ የለም፣ መጨረሻውን ካልነኩብኝ» አሉ።

ሠርጉ መጣ። መብራቱ በራ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባዶውን ሸራ ያያሉ። እኔም መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ነው።

ከኋላ አንዱ «ይሄ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «መጽሐፉን ገደላችሁት!» አለ። «መጨረሻው የታለ? መጨረሻውን አምጡ!» አዳራሹ ተነሳልሽ! ሰው ወንበር ይደበድባል። አቶ ገመዳ እጄን አፈፍ አደረጉት። «ያስታውሳሉ!» አሉኝ። «ወይዘሮ ዘርፉ፣ ያስታውሳሉ እኮ!» እንባቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ሳይደገፉ ብድግ አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ያን ያህል ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ምነው እዚያ ላይ ዝም ባለ ሕዝቡ።

ያ ባጃጅ ነጂ ወንበር ላይ ወጥቶ «ቦንቱ፣ ውሃው መጣ!» አለ። ሁሉም ተቀበለው። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ እያጨበጨበ «ቦንቱ፣ ውሃው መጣ! ቦንቱ፣ ውሃው መጣ!»

አቶ ገመዳ እንደቆሙ ሰሙ። ቆይተው ተቀመጡና ኮፍያቸውን አደረጉ።

«ይሄ ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማተሚያ ቤቱን፣ ያን ሰውዬ፣ ጀሪካኑን፣ ዓሣውን፣ ሁሉንም። ይንገሩኝ አሉኝና መጨረሻዬንም ነገርኳቸው፤ ድሮ ለደንበኛ እንደምነግረው። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞረው እያዳመጡ እሰይ አሉ። አቶ ገመዳ አንድም ስድብ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ብዙ ከተጓዝን በኋላ «እንግዲያው ለምን አጠፋችው ብሎ የጠየቀ የለም» አሉ።

«የለም» አልኩ።

«አንድም?»

«አንድም።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋዲሴ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ወረቀት በእጄ ጽፌ፣ አጥፌ፣ ለኑሬ ስሰጥ፣ እኔም ራሴ አልጠየቅኋቸውም ነበር። አንቺም በደብዳቤሽ አልጠየቅሽም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «አቶ ገመዳ፣ ለምን አጠፋችው?» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ በመስኮቱ ሐይቁን አዩት፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ደርሻለሁ» አሉኝ። «ወራጅ አለ ይበሉልኝ።»

ድምፃቸው አይሰማም ነበርና እኔ ጮክ ብዬ አልኩላቸው።

ዘርፉ